የአራተኛው ቤት ስም

መሪጌታ ወልደ ሰንበት ዘር የሚቆጥሩት በባቄላ ነው። ለአንድ አባት አንድ ባቄላ፤ የሴቷን ወገን በቀኝ፣ የወንዱን በግራ ይደረድራሉ። ሁለቱ መስመሮች እስከ ሰባት ቤት ድረስ በአንድ ስም ካልተገናኙ ሽምግልናው ይቀጥላል። ከተገናኙ ግን ባቄላቸውን ሰብስበው ኪሳቸው ይከቱታል፣ ሽማግሌውም ጋቢውን አራግፎ ይነሳል። ደብረ ኤልያስ ውስጥ እሳቸው ባቄላ ያነሱበትን ጋብቻ የደፈረ ሰው የለም።

በ1996 ዓ.ም. ኅዳር ላይ ባቄላው በአስማማው ቤት ተደረደረ። የምትታጨው የአስማማው ልጅ ሕሊና ናት። አስተማሪ ናት፤ ድረስ የሚባለውን የግብርና ባለሙያ ደብረ ማርቆስ ስትማር አውቃው ሦስት ዓመት ጠብቃዋለች። የልጁ አባት ደምለው ሁለት ሽማግሌ አስከትለው ከመርጡለ ማርያም መጥተዋል። ሕሊና ጓዳ ሆና ታዳምጣለች። የጓዳውን በር ተደግፋ የቆመችው ደግሞ አክስቷ አሰገደች ናት፣ የአስማማው ታናሽ እህት።

አሰገደች ልጅቷን እናቷ ከሞተችበት ቀን ጀምሮ አሳድጋታለች። ገበያ ውስጥ ጌሾ ትሸጣለች፤ ሚዛን የሚሰርቅ ሰው ካገኘች ገበያተኛው ሁሉ እስኪሰማ ልክ ልኩን ትነግረዋለች። ዛሬ ወንድሟ ዝም እንድትል ለምኗታል። እሺ ብላዋለች፣ እሺታዋን ግን እሷም አላመነችውም።

መሪጌታ የወንዱን ወገን ጠየቁ።

«ድረስ ደምለው» አሉ ደምለው። «ደምለው አንሙት፣ አንሙት መሳፍንት፣ መሳፍንት እንግዳ። ባላምባራስ እንግዳ፣ የመርጡለ ማርያሙ።»

አራት ባቄላ በግራ ተቀመጠ። አሰገደች ወንድሟን አየችው፤ ፊቱ አመድ መስሏል።

«የሴቷስ?» አሉ መሪጌታ።

አስማማው መቁጠር ጀመረ። «ሕሊና አስማማው፣ አስማማው ገዳሙ፣ ገዳሙ ዘማርያም፣» ብሎ አቆመ። ከልጅነቱ ጀምሮ ሲለው የኖረውን ስም ሊለውጠው ፈለገ፣ ሌላ ስም ግን አልመጣለትም። የደብሩ ሰው ሁሉ ያውቀዋል፤ መሪጌታም ያውቁታል። «ዘማርያም እንግዳ» አለ።

«የትኛው እንግዳ?»

«ባላምባራስ እንግዳ።»

መሪጌታ ሁለቱን አራተኛ ባቄላዎች አንስተው መዳፋቸው ላይ አጋጠሟቸው። «አራተኛ ቤት» አሉ በሐዘን። «እህትና ወንድም ናቸው፤ አይሆንም።» ከጓዳ ሕሊና ስትንሰቀሰቅ ተሰማ።

ነገሩ ውሸት ነበር። አሰገደችም ታውቃለች፣ አስማማውም ያውቃል። አያታቸው ዘማርያም የባላምባራስ እንግዳን ስም ተበድሮ ነው። ባለስሙ ሩቅ አገር ነው፣ ማን ይመጣና ይጠይቀኛል ብሎ አንድ የከበረ ስም መረጠ። ይኸው መቶ ዓመት ሞላውና የስሙ ባለቤቶች ሽማግሌ ይዘው መጡ። ለክብር የተበደሩት ስም የልጅቷን ትዳር ሊበላው ነው። አሰገደች በንዴት ከጓዳው በር ወደ ፊት ወጣች።

«የኔታ፣ ባቄላውን አይክተቱት» አለች። «እንግዳ አባታችን አይደለም። የዘማርያም አባት ኢድሪስ ነው፣ የደርቡሽ የጦር አለቃ።»

«እህቴ ስትናደድ የምትናገረውን አታውቅም» አለ አስማማው ፈጥኖ።

«አውቃለሁ። አያ አስማማው፣ አባታችን ሊሞት ሲል ለሁለታችን አብሮ ነው የነገረን። አንተ ስሙን አትንገሩ ያለውን ያዝክ፤ እኔ ስሙን ያዝኩ።»

ከዚያ ወደ እንግዶቹ ዞረች፤ የሚያቆማት አልተገኘም። ኢድሪስ አገሩን ቱርክና እንግሊዝ ሲገዙት ሃይማኖትን ይዞ ከተነሳው ሕዝብ ጋር ተነስቶ የተዋጋ ሰው መሆኑን ተናገረች። በ1880 ዓ.ም. ግን ጦሩ ወደ እኛ ዞረ። «ቤተ ክርስቲያን አቃጥሏል፤ አላቃጠለም አልልም» አለች። «ጦሩ ሲመለስ ጭኑን ተወግቶ ገብስ ማሳ ውስጥ ወድቆ ቀረ። ወለተ ሐዋርያት የምትባል ባሏ የሞተባት ሴት አገኘችውና ቤቷ አስገባችው። የመንደሩ ወንዶች ጦር ይዘው መጡ። እሷ በጆሮው ተሸካሚ ነኝ በል፣ በግድ ያመጡኝ ነኝ በል፣ ይተውሃል አለችው። እሱ በክንዱ ተደግፎ ተነሳና ተሸካሚ አይደለሁም፣ የአንድ ሺህ ሰው አለቃ ነኝ፣ ስሜም ኢድሪስ ነው አላቸው።»

«አልገደሉትም?» አለ አንዱ ሽማግሌ ሳያስበው።

«በምርኮኛ ሊለውጡት አስቀመጡት። የሚለውጠው አልመጣም። እዚሁ አርሶ፣ እዚሁ ከሷ ወልዶ ሞተ። ሃይማኖቱን አልለወጠምና ከቤተ ክርስቲያን ቅጥር አልገባም፤ የተቀበረው ወንዙ ዳር ሾላው ሥር ነው። በየዓመቱ ሳሩን የማጭደው እኔ ነኝ። እሷንም በሱ ምክንያት ከቁርባን ለይተዋታል። ልጇ ዘማርያም የሰው ስም የተበደረው ይህን ሁሉ አይቶ ነው፣ አልፈርድበትም። ሰውየው ጦር ተደቅኖበት ያልደበቀውን ስም ግን እኛ ጋቢ ለብሰን፣ ጠላ እየጠጣን ስንደብቀው ኖርን። አሁንስ አፈርኩ።»

ደምለው መሬት መሬቱን አዩ። «የአያቴ ታላቅ ወንድም በዚያ ጦርነት ነው የቀረው» አሉ። «አጥንቱም አልመጣልንም።»

«ነፍስ ይማር። ለሟቹ አብሬዎት አለቅሳለሁ» አለች አሰገደች። «ይቅርታ ግን አልልዎትም። እኔ አልነበርኩም፤ ይህችም ልጅ አልነበረችም።»

ደምለው ሽማግሌዎቻቸውን አማከሩ። ክፉ ሰው አይደሉም፤ ልጃቸው ካለዚህች ልጅ እንደማያገባም ያውቃሉ። «እንግዲህ ዝምድና ከሌለ እኛም ጥላቻ የለንም» አሉ። «ይህ ስም ግን እዚሁ ይቅር። ለሰው ፊት እንደ ወትሮው እንግዳ በሉ፣ እኛም አልሰማንም።»

«እንግዳማ ካልን ዘመዳሞች ሆኑ» አሉ መሪጌታ ባቄላውን እያሳዩ። «ዘመዳሞችን እኔ አላጋባም። ወይ ኢድሪስ ነው፣ ወይ ሠርግ የለም። እሱም ቢሆን በአክስት አፍ አይበቃኝም፤ አባት ይቁጠር።»

ሁሉም አስማማውን አዩት። ሃያ ዓመት ሰበካ ጉባኤ ውስጥ ያገለገለ፣ በየሠርጉ ፊት የሚቀመጥ ሰው ነው። ነገ ጠዋት በቅዳሴ ሰዓት ሰው ምን ብሎ እንደሚያየው ያውቃል። አሰገደች ጠበቀችው። እንቢ ቢል አሳድጋ የሰጠችው ልጅ ቤት ውስጥ ታረጃለች፤ እሱንም ዳግመኛ ወንድሜ ብላ የምትጠራው አልመሰላትም።

ከጓዳ ልቅሶው ቆሟል። ሕሊናም ትጠብቃለች።

አስማማው ጋቢውን አስተካክሎ ተነሳ። ዘር ሲቆጠር መነሳት ልማድ አይደለም።

«ሕሊና አስማማው» አለ። መሪጌታ አንድ ባቄላ አስቀመጡ።

«አስማማው ገዳሙ። ገዳሙ ዘማርያም።» አሰገደችን አያት፤ እሷም ዓይኗን አልነቀለችበትም። ከዚያ ጎረቤት ሁሉ እንዲሰማ አድርጎ፣ ጮክ ብሎ ጨረሰው።

«ዘማርያም ኢድሪስ።»