ቃሏን የማታጥፍ ሴት

«ቃሏን የማታጥፍ ሴት ነበረች» አለ ኦታር፣ ሁለተኛውን ዋፍል ከሳህኑ እያነሳ።

ሲግኒ ከጠዋት ጀምሮ ይህን ስትሰማ አራተኛ ጊዜዋ ነው። ከፔርሙዙ ቡና ቀዳችለትና ወደ ሚስቱ ዞረች። ሚስቱ ስኒዋን በመዳፏ ከደነችና «ይበቃኛል» አለቻት። ስኒው ባዶ ነበር።

የእናቷን የቶርቢዮርግን አመድ ከእርሻው በላይ ባለው ሐይቅ ላይ ከበተኑ ሦስተኛ ቀኑ ነው። ሰው ይመጣል፣ ጫማውን በረንዳው ላይ ያወልቃል፣ ያመጣውን ኬክ ወይም በጭስ የደረቀ የበግ ሥጋ ጠረጴዛው ላይ ያስቀምጣል፣ ቶርቢዮርግን አመስግኖ ይሄዳል። ሁሉም የማኅበሩ ሰዎች ናቸው። ቶርቢዮርግ ሠላሳ ዓመት የመራችው፣ ለጥንቶቹ አማልክት ለኦዲንና ለቶር፣ ለምድሪቱና ለሙታን ዋንጫ የሚያነሳ ትንሽ ማኅበር ነው። ለሲግኒ «አይዞሽ» ያላት ሰው ግን የለም። ዋሾ ናታ። ዋሾን ማን ያጽናናል?

ወጥ ቤት ስትገባ ሁለት ሴቶች ሹክሹክታቸውን አቋርጠው ስለ ዝናቡ ማውራት ጀመሩ። «በምን ፊቷ መጣች» የሚለውን ግን ሰምታዋለች። አክስቷ ራንቬግ፣ የሟች ታናሽ እህት፣ ሴቶቹን ሳሎን ላይ ሰው ይጠብቃችኋል ብላ አባረረቻቸው።

«አክስቴ፣ እስከ ሰባተኛው ቀን የግድ መቆየት አለብኝ?»

«ወራሽ በሌለበት የምን ሰባተኛ ቀን? ዋንጫውን ማን ሊያነሳ ነው? እኔ እንደሆንኩ ጉልበቴ እሺ አይለኝም።»

«ስሜን ሳትጠራ የሞተች ሴት ወራሽ መሆን ደስ ይላል።»

«ምላስሽ እንደ አባትሽ ነው» አለች ራንቬግ። ወዲያው አባትየውን በማንሳቷ ቆጫት መሰል ፊቷን ወደ ሳህኖቹ መለሰች።

አባቷ አስላክ ጀልባ ሠሪ ነበር። ከአሥራ ሁለት ዓመት በፊት፣ በረዶው መቅለጥ ሲጀምር፣ ካንሰር ጨርሶት ሆስፒታል ተኛ። አንድ ቀን ቶርቢዮርግ ፍየሎቹን ልታልብ ወደ እርሻው ተመልሳ፣ ሲግኒ ብቻዋን አጠገቡ ተቀምጣ ጋዜጣ ታነብለት ነበር። ከሰዓት በኋላ ነው፤ ፀሐይዋ አልጋው ላይ አርፋለች።

«ቄስ ጥሪልኝ» አላት።

«ምን?»

«ቄስ ነዋ። ደንቁረሻል እንዴ?»

የቀለደ መስሏት ሳቀች። አስላክ ካገባ ጀምሮ የቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ረግጦ አያውቅም፤ አንገቱ ላይ የቶርን መዶሻ ያንጠለጠለ ሰው ነው። እሱ ግን አልሳቀም። ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ውስጥ፣ ወላጆቹ አጠገብ መቀበር እንደሚፈልግ ነገራት። ልጅ ሆኖ ይዘምረው የነበረውንም መዝሙር አንድ ጊዜ መስማት አማረው። «ፈርቻለሁ ልጄ» አላት። «እናትሽ አትፈራም። እኔ ግን ፈርቻለሁ።»

ጠራችለት። የመጣችው ቄስ የብስክሌት ቆቧን እንኳ ሳታወልቅ የገባች ወጣት ሴት ነበረች። እጁን ይዛ ቀስ ብላ ዘመረችለት። ቶርቢዮርግ ከራሷ ፍየሎች ወተት የሠራችውን አይብ ይዛ ስትገባ መዝሙሩ አላለቀም። አይቡን መስኮቱ ላይ አስቀምጣ ወጣች። በሁለተኛው ቀን አስላክ ሞተ፤ ሲቀበርም ሚስቱ ከግቢው አጥር ውጭ ቆማ አየች።

ሲግኒ እናቷ እንድትጠይቃት ጠበቀች። «አባትሽ ምን አለ?» ብትላት ሁሉንም ትነግራት ነበር። ቶርቢዮርግ አልጠየቀችም፤ ለጠየቋት ለሌሎቹ ግን «ራሱ ነው የጠየቀኝ» ብላለች።

በጥቅምት የበረዶው ክረምት መግቢያ በዓል ሆነ። ማኅበሩ ተሰብስቦ ዋንጫው ሦስተኛ ዙር ላይ ደረሰ። ሦስተኛው ዙር ሰው የሚምልበት ነው። እነዚህ ሰዎች ከሞት በኋላ ስለሚሆነው ብዙም አይጨነቁም፤ አንዱ የኦዲን አዳራሽ ይልሃል፣ ሌላው ከኮረብታው ሥር ከአያቶቼ ጋር ይልሃል፣ ሦስተኛው ትከሻውን ይሰብቃል። ስም እንደሚቀር ግን ሁሉም ይስማማሉ። ዋንጫ ተይዞ የተነገረ ቃል የዕጣ ፈንታ ጉድጓድ ውስጥ ይወርዳል፤ ከዚያ አማልክትም ቢሆኑ መልሰው አያወጡትም። አንዱ ቃሉን ቢያጥፍ የሁሉም ዕድል ይጎድላል። ለዚህ ሲሉ ቃል ጠባቂ ያስቀምጣሉ፤ በንዴት ወይም በሞቅታ የሚምለውን ሰው «ቆይ» የሚል፣ ሲያስፈልግም ከመሐላው የሚፈታ። የዚያን ጊዜም ዛሬም ቃል ጠባቂው ሃልቫርድ ነው፤ የድሮ አስተማሪ፣ በውሸት የማይታማ ሰው።

ቶርቢዮርግ ዋንጫውን አነሳች። «ልጄ ባሌን ለቤተ ክርስቲያን አሳልፋ ሰጥታ፣ ራሱ ጠየቀ ብላ ዋሽታለች። እዚህ መጥታ፣ ይህን ዋንጫ ይዛ ዋሽቻለሁ እስክትል ድረስ ስሟን አልጠራም፣ ድምጿን አልሰማም፣ ደጄን አትረግጥም።»

«አስበሽበታል?» አላት ሃልቫርድ። ሦስት ጊዜ ጠየቃት።

«አስቤበታለሁ» አለች ሦስቱንም ጊዜ፤ ጠጣችም።

ሲግኒ ከእናቷ በሦስተኛው ወንበር ላይ ተቀምጣ ነበር። ካፖርቷን አንስታ ወጣች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ነገሩ ለሁሉም ያለቀለት ሆነ፤ ቶርቢዮርግ በከንቱ አትምልም፣ ስለዚህ የዋሸችው ልጅየዋ ናት።

በርገን ሄዳ የከተማ ባቡር ነጂ ሆነች። የምትጽፋቸው ደብዳቤዎች ሳይከፈቱ ይመለሱ ነበር። ራንቬግ ብቻ በየወሩ እየደወለች ትለምናታለች።

«አንድ ቃል እኮ ነው። ዋሽቻለሁ በይና ይለቅልሽ።»

«ዋንጫ ይዤ?»

«አዎ፣ ዋንጫ ይዘሽ።»

«እንደዚያ ካልኩ እኮ ያኔ ነው የምዋሸው፣ አክስቴ። ዋንጫ ይዞ መዋሸት ነውር ነው ብላ ያሳደገችኝ እሷ አይደለችም እንዴ?»

«እናትና ልጅ ከአንድ ግንድ የተጠረባችሁ ድርቆች» ትላትና ትዘጋባታለች።

ባለፈው ክረምት ቶርቢዮርግ ስትታመም ራንቬግ ስልኩን ጆሮዋ ላይ አደረገችላት። ሲግኒ «እማዬ» አለች። ትንፋሽ ሰማች፣ የአንሶላ ኮሽታ ሰማች፤ ከዚያ ራንቬግ ናት ያነሳችው። «በእጇ ገፋችው» አለቻት።

ያን ቀን እንኳ ሲግኒ አልጠላቻትም። አሥራ ሁለት ዓመት አንድ ሐሳብ ይዛ ኖራለች። እናቴ እውነቱን አታውቅም፤ ብታውቅ ኖሮ በበረዶ መሐል በእግሯ ትመጣ ነበር። አሁን ግን መሐላው አስሯታል። ይህ ሐሳብ ባይኖር እንዴት ትኖር እንደነበር እንጃ።

በስድስተኛው ቀን ሲግኒ ማገዶ ቤቱ ውስጥ ለነገው እሳት እንጨት ስትፈልጥ ሃልቫርድ በከዘራው እየተደገፈ መጣ። ሰባ ስምንት ዓመቱ ነው። ግንዱ ላይ ተቀምጦ ትንፋሹ እስኪሰበሰብ ጠበቀ።

«የምነግርሽ ነገር አለ። ካዳመጥሽ በኋላ ብትሰድቢኝ መብትሽ ነው።»

«ልስማው» አለችው፣ መጥረቢያውን ሳታስቀምጥ።

«እናትሽ ታውቅ ነበር።»

«ምኑን?»

«አባትሽ ራሱ እንደጠየቀ። ካንቺ በፊት እሷን ነው የለመናት፤ ሳምንት ቀድሞ። መድኃኒቱ ነው የሚያስለፈልፍህ አለችው። አልቅሶ ለመናት፣ እሷ ግን እንቢ አለች። በአራተኛው ዓመት ቤቴ መጥታ ይህንን ነገረችኝ። ከመሐላው ፍታኝ አለችኝ።»

ሲግኒ መጥረቢያውን መፍለጫው ጉቶ ላይ ሰካችው።

«አንተስ?»

«እፈታሻለሁ አልኳት። መሐላው የተማለው በሰው ፊት ነውና ምክንያቱም በሰው ፊት ይነገራል፤ ሥርዓቱ ይኸው ነው። ባሌ ለመነኝ፣ እኔ ከለከልኩት፣ ልጄ አልዋሸችም፤ ይህን ብቻ በይ አልኳት። ካፖርቷን ለብሳ ሄደች። በር ላይ ስትደርስ፣ እኔ በሕይወት እስካለሁ ለማንም አትንገር አለችኝ። ቃል ሰጠኋት።»

«ስምንት ዓመት።»

«ስምንት ዓመት።»

«ስምንት ዓመት ሙሉ ዋሾ ሲሉኝ፣ አንተ እዚያው መሐላቸው ተቀምጠህ ዋፍል ትበላ ነበር።»

«ቃል ሰጥቼ ነበር ሲግኒ።»

«ቃላችሁ ይድፋችሁ» አለችው፤ ድምጿን ግን ከፍ አላደረገችም። «መመለሻ አጥታ ነው ብዬ ነበር። ታስራ ነው ብዬ ነበር እኮ። በሩ ክፍት ሆኖ ነው የተቀመጠችው?»

ሃልቫርድ ከዘራውን ሁለት ጊዜ መሬቱ ላይ መታ መታ አደረገና፣ «ነገ ዋንጫው እጅሽ ሲገባ ተናገሪው» አላት። «እኔ ተነስቼ እውነት ነው እላለሁ። ስምሽ በአንድ ጊዜ ይጸዳል። ግን ደግሞ አስቢበት። ከተነገረ በኋላ አይመለስም። ሞተን የምንቀረው በሚነገርልን ብቻ ነው፤ እሷም ከነገ ወዲያ በቃ የተነገረባት ብቻ ናት።»

ሲሄድ አልሸኘችውም። እንጨቱን መፍለጥ ቀጠለች፤ ለነገ ከሚያስፈልገው በላይ፣ ለሳምንት የሚበቃ ፈለጠች። ለእናቷ ያላነባችውን ሁሉ ላቧ አወጣው። ከአባቷ ሞት ይልቅ፣ ከተመለሱት ደብዳቤዎችም ይልቅ ያቃጠላት ያ የተገፋ ስልክ ነበር። እያወቀች ነው የገፋችው።

በሰባተኛው ቀን ማኅበሩ ትልቁን አዳራሽ ሞላው። የቶርቢዮርግ ከፍ ያለ ወንበር ባዶውን ተቀምጧል። ወራሽ ከወንበሩ ሥር ካለው ደረጃ ላይ ቆሞ ስለ ሟች ይናገራል፣ ዋንጫውን ይጠጣል፣ ከዚያ ወንበሩ ላይ ይወጣል። እስኪጠጣ ድረስ ወንበሩ የሟች ነው።

ለአማልክት ጠጡ፣ ለአያቶች ጠጡ። ከዚያ ስለ ቶርቢዮርግ ተናገሩ። አንዷ በረሃብ ሊያልቁ የነበሩ በጎቿን በራሷ ድርቆሽ እንዳተረፈችላት ተናገረች። ሌላው በሰከረ ጊዜ በጥፊ መትታ ከሥራ መባረር እንዳዳነችው ሲናገር ሰው ሳቀ። ሲግኒም ፈገግ አለች፤ ያችን ሴት ታውቃታለች። ኦታር በመጨረሻ ተነሳ። «ከማኅፀኗ የወጣችውን እንኳ ለቃሏ ስትል የቆረጠች» አለ፤ ሲግኒን አላያትም። «እንደሷ ያለ ከእንግዲህ አይወለድልንም።» ሁሉም ጠረጴዛውን በጡጫ ደበደበ።

ራንቬግ የቀንዱን ዋንጫ እስከ አፉ ጠጅ ሞልታ ለሲግኒ ሰጠቻት። ሲግኒ ደረጃው ላይ ወጣች። ሃልቫርድ ከዘራውን ይዞ፣ ለመነሳት ተዘጋጅቶ፣ ወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀምጧል።

የምትለውን ሌሊቱን ሙሉ አሰናድታው ነበር። አምስት ዓረፍተ ነገር ነው። ሰዎቹን አየቻቸው። ነገ ጠዋት እነዚሁ ሰዎች ወደ እሷ ዞረው «አይዞሽ» ሊሏት፣ ኬክ ሊያመጡላት፣ ስለ ቶርቢዮርግም «እኔስ ድሮም ጠርጥሬ ነበር» ሊሉ ነው። ኦታር ቀዳሚው ይሆናል። በጎቹን ያተረፈችው ሴት ትጠፋለች፤ ባሏን የከለከለችው ብቻ ትቀራለች። ሲግኒ ዝም ማለቷ ከርኅራኄ የመጣ መስሎት የሚያመሰግናት ሰው ቢኖር ተሳስቷል። ይቅር አላለቻትም። ነገሩ የእሷና የእናቷ ነበር፤ አሥራ ሁለት ዓመት ከእናቷ ያገኘችው ብቸኛ ነገር ይህ ነው፣ ለኦታር አታካፍለውም።

«ተናገሪ እንጂ» አለ አንድ ሰው ከኋላ።

ዋንጫውን ወደ አፏ አስጠጋች። ልትጠጣ መሰላቸው። ከንፈሯን ጠርዙ ላይ ሳታሳርፍ፣ ማንም እንዳይሰማ አድርጋ፣ ወደ ጠጁ ውስጥ «ታውቂ ነበር» አለች።

ከዚያ ለሙታን ጠጅ የሚፈስበት ገንዳ ላይ ጎንበስ ብላ ዋንጫውን ደፋችው። ጠጁ ቶሎ አላለቀም። ሰው እየተያየ አጉረመረመ፤ ሳትጠጣ ወራሽ የለም፣ ወንበሩም ባዶውን ሊቀር ነው። «ድሮስ ከሷ ምን ይጠበቃል» አለች የኦታር ሚስት። ሃልቫርድ ከወንበሩ ግማሽ ተነስቶ ሲግኒን አያት፤ ራሷን በአሉታ ነቀነቀችለት፤ ተቀመጠ።

ሲግኒ ከደረጃው ወረደች። አፏ ያልነካውን የዋንጫ ጠርዝ በሹራቧ እጅጌ ዙሪያውን ጠርጋ ለአክስቷ አቀበለቻት።