የወንፈል ተራ

ስምንት ዓመት ሆነው። ያኔ የገዥው ፓርቲ አባል አልሆንም ብዬ አሻፈረኝ ስል፣ የቀበሌው ሰዎች «ለእንዳለው ወንፈል እንዳትወጡ» ብለው ጎረቤቶቼን አስጠነቀቁ። በእኛ በማንኩሳ ገጠር ወንፈል ማለት ዛሬ ያንተን ጤፍ አጭዳለሁ፣ ነገ የኔን ታጭዳለህ ነው። ያለ እሱ ጤፍ ማሳ ላይ ረግፎ ይቀራል። ያን ጊዜ ማጭዱን ይዞ የመጣልኝ ወንድምአገኝ ብቻ ነበር፣ ከሚስቱ ከንግሥቴ ጋር። እሱ ራሱ የፓርቲው አባል ነው፤ ለዚህም በግምገማ አሳሩን አበሉት።

እኔም ሰንበቴ ላይ ተነሥቼ፣ ፖለቲካን ወንፈል ውስጥ የሚያስገባ ሰው የድሃ ጉሮሮ እንደሚዘጋ ተናገርኩ። ቄሶቹ ሳይቀሩ እውነት አለው አሉ። መቼም አፌ አይታማም።

ዘመን ተለወጠ። የኛዎቹ ሥልጣን ያዙ፣ እኔም የቀበሌ ኮሚቴ ሆንኩ። ወንድምአገኝ ግን ከድሮ ወገኑ ጋር እንደቆመ ቀረ፤ ግትር ሰው ነው። ዘንድሮ ኅዳር ላይ ታሞ ፍኖተ ሰላም ሆስፒታል ተኛ። የማሳው ተራ ደግሞ በዚያው ሳምንት ሐሙስ ነበር።

ወንፈል የምንገባው ስምንት ቤት ነን። ረቡዕ ዕለት ከመካከላችን ያረጋል መጥቶ ነገ እንሄዳለን ወይ ብሎ ጠየቀኝ።

«የነሱን ማሳ ያጨደ ከነሱ ይቆጠራል» አልኩት።

ማንም አላዘዘኝም፤ እኔው ነኝ ያልኩት። የሰንበቴውን ንግግሬን ሲያነሣብኝ ተቆጣሁ። ያኔ የተበደልነው እኛ ነን፣ አሁን ነገሩ ሌላ ነው አልኩት። ምኑ ነው ሌላ ብሎ ጠየቀኝ። ሐሙስ እኔ ስቀር ሌሎቹም ቀሩ።

ዓርብ ያለ ወቅቱ ዝናብ ጣለ። ቅዳሜ ወደ ጅጋ ገበያ ስሄድ የንግሥቴ ጤፍ ጭቃው ላይ ተነጥፎ አየሁት። ብቻዋን ያጨደችው ጥግ ላይ አራት ነዶ ቢሆን ነው። ዓመቱን ምን ሊበሉ ነው ብዬ ደነገጥኩ። ግን አልቆምኩም።

የኔ ጤፍ ዘግይቶ የተዘራ ስለነበር ተረፈ። ተራዬ ማክሰኞ ደረሰ። ጎህ ሲቀድ ከሁሉ ቀድማ ማጭዷን ይዛ የመጣችው ንግሥቴ ናት። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

«ምን ልትሠሪ መጣሽ?» አልኳት።

«ተራዎ አይደል፣ አያ እንዳለው?»

«እኛኮ ላንቺ አልመጣንም።»

«አውቃለሁ። እኛም ያኔ የመጣነው ፓርቲዎን ወደን አልነበረም» አለችና አጎንብሳ ማጨድ ጀመረች።

አፈርኩ፣ እውነቴን ነው። ክፋቱ ግን፣ እያፈርኩም ዓይኔ ከመንገዱ አልነቀል አለ፤ ከኮሚቴው ሰዎች አንዱ ሲያልፍ እሷን ማሳዬ ላይ እንዳያያት።