ሣህሊቱ የነካካችው ድምፅ

ነጻነት በመጣ በሦስተኛው ዓመት፣ አንድ ቅዳሜ ጠዋት፣ ሣህሊቱ የወንድሟን ሲንተሳይዘር፣ አሮጌ የኤሌክትሪክ ኪቦርድ፣ በጋቢ ጠቅልላ አስመራ ውስጥ ካለው ሰፈሯ ከዓባ ሻውል በታክሲ ወደ መሀል ከተማው ኮምቢሽታቶ ወሰደችው። ጭኗ ላይ አጋድማው፣ አንድ እጇን ከጋቢው ሥር አስገብታ፣ መኪናው በነጠረ ቁጥር ማዞሪያዎቹን ትጋርድ ነበር።

መሣሪያውን ታላቅ ወንድሟ ዓንደማርያም የሆቴል ባንድ ውስጥ ሲጫወት፣ ወደ አገሩ ከሚመለስ ጣልያን የገዛው ነው። የዛሬ ኪቦርድ ድምፁን በቁጥር መዝግቦ ይይዛል። ይህ ግን ማስታወስ የሚባል ነገር አልፈጠረበትም። ሃያ ሁለት ማዞሪያዎች አሉት፤ ድምፁ የሚገኘው እነሱ በቆሙበት ቦታ ነው፤ አንዱ ከተነቃነቀ ድምፁ ሄደ። ዓንደማርያም ሊታገል ወደ ሜዳ ሲወጣ የአሥራ ሰባት ዓመት እህቱን ጠርቶ፣ «ማዞሪያዎቹን እንዳትነኪ። ስመለስ ካቆምኩበት እቀጥላለሁ» አላት።

እሱ በሄደ በሦስተኛው ዓመት ነካቻቸው። ሞቷል የሚል ወሬ በሰፈሩ ተናፍሶ ነበር። እናቷ ቤተ ክርስቲያን ሄደው ብቻዋን በነበረችበት ቀን ናፍቆቱ አላስቀምጥ አላት፤ አበራችውና አንድ ቁልፍ ተጫነች። ወንድሟ ቤት የገባ መሰላት። ትንሽ ብቻ ብላ አንዱን ማዞሪያ አዞረች፤ ድምፁ ተበላሸ። ያንን ላቃና ብላ ሌላውን፣ ሌላውን ላቃና ብላ ሦስተኛውን። እናቷ ሲመለሱ ከሃያ ሁለቱ በቦታው የቀረ አልነበረም። ከዚያ በኋላ ሁለት ሳምንት ሙሉ፣ ቤቱ ባዶ በሆነ ቁጥር፣ በጆሮዋ እየዳበሰች የሚመስለውን አገኘች። የሚመስለውን እንጂ እሱን አይደለም።

ዓንደማርያም ግን አልሞተም። አስመራ ነጻ ስትወጣ ከቀኝ እጁ ሁለት ጣት ጎድሎ ተመለሰ። መሣሪያውን አየና «ጽቡቕ፣ ጥሩ ይዘሽዋል» አለ፤ እሷ እያለች ግን አንድም ቀን አልነካውም። ሣህሊቱ ለጣቶቹ አለቀሰች። እግዜር ይቅር ይበላት፣ ባለመጫወቱ ደግሞ እፎይ አለች። በዚህም ራሷን ስትጠላ ሦስት ዓመት ሆናት።

ከጀርመን የተመለሰው ሙዚቀኛ ጠዓመ ስለ መሣሪያው ሰምቶ ቤታቸው የመጣው በዚህ መካከል ነው። ኮምቢሽታቶ ከአንድ ኬክ ቤት በላይ የሙዚቃ መቅጃ ስቱዲዮ ከፍቷል።

«አዲሱ ኪቦርዴ ንጹሕ ነው፤ ግን ቆርቆሮ ቆርቆሮ ይለኛል» አለ። «ሳምፕለር የሚባል ማሽን አለኝ። የዚህን ድምፅ ቁልፍ በቁልፍ ይቀዳዋል፤ ከዚያ በኋላ ከአዲሱ ኪቦርድ ላይ ይህንኑ ማጫወት ነው።»

መሣሪያው ሲበራ የተቃጠለ ላስቲክ መሽተት ጀምሮ ነበር፤ ጠጋኞቹም መለዋወጫ የለውም ብለዋል። ዓንደማርያም ትከሻውን ሰበቀ። «ውሰዱት። እኔም መጥቼ እሰማለሁ።»

ይህች «እሰማለሁ» ናት ሣህሊቱን ከእንቅልፍ ያጣላቻት።

ስቱዲዮው ውስጥ ቁልፉን የምትጫነው እሷ ሆነች። ጠዓመ ጣቱን ሲያነሣ ትጫናለች፣ እስከ አራት ትቆጥራለች፣ ትለቃለች። የሳምፕለሩ የማስታወስ ዐቅም ጠባብ ስለሆነ ከየሦስቱ ቁልፍ አንዱን ብቻ ቀዱ፤ መካከሉን ማሽኑ ራሱ ይሞላዋል። አሮጌው መሣሪያ በሞቀ ቁጥር ቅኝቱ ስለሚንሸራተት፣ እያቆሙ ያስተካክሉታል። ዓንደማርያም ግማሽ ላይ ደረሰ፤ ሰላምታ ሰጥቶ ጥግ ያለችው ወንበር ላይ ተቀመጠና ዐይኑን ጨፈነ። ሣህሊቱ ዞራ ልታየው አልደፈረችም።

የመጨረሻው ቁልፍ እንደተቀዳ ጠዓመ ድምፁ የተቀመጠበትን ዲስኬትና እስክሪብቶ አነሣ። «ስም እንስጠው። ዓንደማርያም ብዬ ልጻፍ?»

«የኔን ስም አትጻፍ» አለ ዓንደማርያም፣ ዐይኑን ሳይገልጥ። «የኔ ድምፅ አይደለም።»

ሣህሊቱ እጇን ከመሣሪያው ላይ አነሣች።

«እኔ ነኝ» አለች። «ሞተ ሲሉኝ ልሰማህ ብዬ ነካካሁት። መመለስ አቃተኝ። አሥራ አራት ዓመት ደበቅኩህ።»

«ዐውቃለሁ» አለ ዓንደማርያም።

«ምኑን?»

«በመጣሁ ሳምንት አንቺ ሥራ ስትሄጂ አብርቼ ሰማሁት። ወዲያው ዐወቅኩ።»

«ታዲያ ለምን ዝም አልክ?»

ዓንደማርያም የጎደሉትን ጣቶቹን ቦታ አሻሸ። «ከነገርኩሽ፣ እስቲ የድሮውን አምጣው ትዪኛለሽ ብዬ ፈራሁ። የድሮውን እኔም ረስቼዋለሁ፣ ሓብተይ፣ እህቴ። የማስታውሰው ቀጭን እንደነበር ነው። ያንቺ ይወፍራል፤ መጨረሻው ላይም ትንሽ ይንቀጠቀጣል። ቤት ባልነበርሽ ቁጥር እሱን እየከፈትኩ ስሰማ ነው የከረምኩት።»

ሣህሊቱ ልትመልስ አፏን ከፈተች፤ የወጣው ግን ሳቅ ነው። ሳቁ ወደ ለቅሶ ዞረ፣ ተመልሶ ሳቅ ሆነ። ጠዓመ ነገሩ ሙሉ በሙሉ ባይገባውም ዲስኬቱ ላይ «ሣህሊቱ» ብሎ ጻፈ።

ከዚያ በተቀዳው ድምፅ የሚጫወተውን አዲሱን ኪቦርድ ለዓንደማርያም አቀረበለት። እሱ ትንሽ አንገራግሮ፣ በቀሩት ጣቶቹ ዝግ ያለ የድሮ የሠርግ ዜማ ጀመረ። ሁለቴ ሳተ፤ ሁለቴም ተመልሶ አረመው።

ሣህሊቱ ግድግዳውን ተደግፋ ስትሰማ ከትናንት ጀምሮ እህል እንዳልቀመሰች ትዝ አላት። ከታች ካለው ኬክ ቤት ለሦስታቸውም ዳቦና ሻሂ ልታመጣ ደረጃውን ወረደች።