የነጣው በረዶ

አጎትየው የማቀዝቀዣውን ቫልቭ ሲከፍት ልቡ አልፈቀደም ነበር። የቤተ ሙከራው ኃላፊ የእህቱ ልጅ ናት። ሙከራውን ሊያዩ በመጡ እንግዶች ፊት «ተሳስተሻል» ቢላት፣ አጎቷ ስለሆነ ናቃት ይባላል። እሷም ብትሆን ሥራ ላይ «እርስዎ» ትለዋለች። ይሉኝታ ያዘውና የታዘዘውን አደረገ።

ሥራው ከባድ ሃይድሮጂን የሚባለውን ጋዝ በሂሊየም አቀዝቅዞ በረዶ ማድረግ ነው። ከኒውክሌር ማብላያው የሚመጡ ኒውትሮኖች በረዶው ውስጥ ጉልበታቸውን ይጥላሉ፤ ጥሩ ሯጭ እስኪቀድማቸው ድረስ ይዘገያሉ። ያን ጊዜ እንደ ውኃ በዕቃ ይጠራቀማሉ።

በረዶው ለመርጋት ሠላሳ ሰዓት ይፈልጋል። እሷ በስምንት ሰዓት ውስጥ ይለቅ አለች። ማብላያው የተሰጣቸው እስከ ዓርብ ጠዋት ነው፤ እስከዚያ የኒውትሮኑ ቁጥር ካልሞላ የአራት ዓመት ልፋቷ ገደል ገባ ማለት ነው።

ማክሰኞ ጠዋት ቆጣሪው የታሰበውን ሲሶ ብቻ አሳየ።

«ሙቀቱ ልክ፣ መጠኑ ልክ። ታዲያ ምን ነካው?» አለች።

አጎትየው ወደ በረዶው በምታሳየው የመስታወት ቀዳዳ አጮለቀ።

«ነጥቷል» አለ።

«በረዶ ሊጠቁር ኖሯል?» አለ ከእንግዶቹ አንዱ። ሰው ሳቀ።

«ተቻኩለን ስላቀዘቀዝነው ተሰነጣጥቋል። ኒውትሮኖቹ በየስንጥቁ እየተላተሙ እዚያው ይቀራሉ። ቀልጦ እንደገና መጀመር አለበት» አለ አጎትየው።

«ይህን ትናንት ቢነግሩኝ ምን ነበረበት?»

«ይሉኝታ ያዘኝ።»

«የምን ይሉኝታ ነው! ሁለተኛ ይሉኝታህን ይዘህብኝ እዚህ እንዳትመጣ!»

እንግዶቹ መሬት መሬት አዩ። አጎትየው «አንተ» መባሉን ሰማ፤ ደረቱ ቀለል አለው።

እሷ ወረቀት ላይ ደመረች፣ ቀነሰች። «እንዳለ ብንተወው ከግማሽ ብዙም አናልፍም። ካቀለጥነው ለቆጠራ አርባ ሰዓት ይተርፈናል፤ ያ በጭንቅ ይበቃል። ዳግም ከነጣ ግን አበቃልኝ። አይነጣም ትለኛለህ?»

«አልልሽም። ከቫልቩ ግን አልነሣም።»

«አቅልጠው» አለች።

ቫልቩን በፀጉር ስፋት እያዞረ ዋለ። ወንበር አመጡለት። «ሰውዬው ቫልቩን አገባው እንዴ?» አለ ያው እንግዳ። ለእንቅልፍ የተተካው ሁለቴ ብቻ ነው።

ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ኃላፊዋ አጎንብሳ አየች። ፊቷ አመድ መሰለ።

«ባዶ ነው! ጋዙ የት ገባ?»

«ሞልቷል። ጥርት ብሎ ነው የማይታይሽ። የዕቃው ወለል ላይ ብሎን ይታይሻል?»

«ስድስት።»

«በበረዶው ውስጥ አሻግረሽ ነው የቆጠርሻቸው።»

ቆጣሪው ሽቅብ ወጣ። ዓርብ ጠዋት ማብላያው ሊዘጋ ሃያ ደቂቃ ሲቀረው ቁጥሩ ሞላ። ኃላፊዋ የመሣሪያ ሣጥን ላይ ዘጭ ብላ ተቀመጠች።

«በሚቀጥለው ዙር በረዶውን በሃያ ሰዓት ማድረስ አይቻልም?» አላት እንግዳው።

«እኔን ምን አስጠየቀህ?» አለችና በአገጯ ወደ ቫልቩ አሳየችው። «እሱን ጠይቀው።»