ጠራዡና የመምህሩ ሃያ አንድ አንጓ

ሰው በሃምሳ ሦስት ዓመቱ ፊደል ይቆጥራል ወይ ብትሉኝ፣ ይቆጥራል። ይህ መጽሐፍ ጠራዥ ቆጥሯል።

ነገሩ የተጀመረው በስሕተት ነው። ከሱቁ በላይ፣ ፎቅ ላይ የሚኖሩት ሽማግሌ መምህር በሳንስክሪት፣ በጥንቱ የሕንድ ቋንቋ፣ የተጻፈ ገጹ የተገነጣጠለ መጽሐፍ አምጥተው "ጥረዝልኝ" አሉት። ሰፋው፣ ሙጫ ቀባው፣ ጥሩ ልባስ አለበሰውና መለሰላቸው። መምህሩ በደህናዋ ዓይናቸው አፍንጫቸው ድረስ አስጠግተው አዩት።

"ልጄ፣ ይህን ለማንበብ በጭንቅላቴ ልቁም?"

ውስጡን ገልብጦ ነበር የጠረዘው።

"ይቅርታ መምህር፣ ላይና ታቹን አላወቅኩትም።"

"መስመር ያለበት ላይኛው ነው። ፊደሉ ከመስመሩ ተንጠልጥሎ ይወርዳል፤ ገመድ ላይ እንደተሰጣ ልብስ።"

ገጽ ስታጥፍ የነበረችው ሚስቱ ቀና አለች። "ባሌ ልብስ አስጥቶ አያውቅም፤ በምን ይወቀው?"

ፈትቶ እንደገና ጠረዘው። ሲመልስላቸው ግን እግሩ ከበራፉ አልሄድ አለው።

"ለመሆኑ ምን ይላል?"

"እሱን ለመንገር ሁለት ዓመት ይፈጃል።"

"ሁለት ዓመትማ አለኝ" አለ።

እንዲህ ተጀመረ። በየማለዳው ሱቁን ከመክፈቱ በፊት ደረጃውን ይወጣል። የፊደሉ ድምፆች በተራ ናቸው፤ ከጉሮሮ ይነሱና ላንቃን፣ ጥርስን እየነኩ ከንፈር ላይ ያበቃሉ። መምህሩ አንዴ ይላሉ፣ እሱ ሁለት ጊዜ ይደግማል። ሚስቱ ከታች ሆና፣ "አንተ ሰውዬ፣ አጥንት ተሰካብህ እንዴ?" እያለች ትስቅበታለች። ስለ ዝናብ የተጻፈች ባለ ሁለት መስመር ግጥም ያለ ማንም እርዳታ የገባችው ዕለት ግን ደረጃውን እየዘለለ ወርዶ ነገራት፤ እሷም ሥራዋን አቁማ ሰማችው።

በሁለተኛው ዓመት የመምህሩ ደህና ዓይንም ጠፋች። አንድ ማለዳ እንዲህ አሉት።

"ልጅ ነበረችኝ። በአሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ትኩሳት ወሰዳት። ለእሷ በሳንስክሪት ሃያ አንድ አንጓ ገጥሜያለሁ፤ ወረቀት አልነካቸውም። እንዳልረሳቸው በየቀኑ ስነቃ እላቸዋለሁ። በየቀኑ ስነቃ እቀብራታለሁ ማለት ነው። ደከመኝ። አንተ ያዝልኝ።"

"ወረቀት ላይ ባኖረውስ? እንዳይበላሽ አድርጌ እጠርዘዋለሁ።"

"ስንት የበሰበሰ መጽሐፍ ነው እጅህ ላይ ያለፈው? እኛ የዚህ ቋንቋ ሰዎች የከበረውን ነገር ከአፍ ወደ አፍ ነው የምናሻግረው። ሲጸናልህ 'ያዝኩ' በለኝ፤ ያንን አንጓ ከዚያ ቀን ጀምሮ እኔ እተወዋለሁ። ትርጉሙን ሁሉንም ስትጨርስ እነግርሃለሁ፤ ቀድሞ ትርጉም የያዘ ሰው ቃሉን ይለቃል።"

አራቱን አንጓ በእውነት ያዘ። ሙጫ ሲያማስል፣ ክር በሰም ሲያሽ እያላቸው ያዛቸው። አምስተኛው ግን እንቢ አለ። ዛሬ ይዞት ያድራል፣ ነገ ወንፊት ላይ እንደፈሰሰ ውኃ ነው። መምህሩ ደግሞ በየሳምንቱ እየከሱ ሄዱ፤ ሳላቸው እስከ ሱቁ ይሰማል። ቢሞቱስ? ጠራዡ ፈራ። ከመቁረጫው ሥር ከሚወድቀው ቁርጥራጭ አንዱን ቀጭን ወረቀት አነሳና፣ መምህሩ ሲሉ የሰማውን ድምፅ በለመደው ፊደል ጫረበት። በማግስቱ ወረቀቱን ጉልበቱ ላይ ዘርግቶ ለዓይነ ስውሩ አነበበላቸው።

"ያዝኩ" አለ።

የመምህሩ ትከሻ ዝቅ አለ። ፊታቸው እንደተፈታ ቋጠሮ ላላ። "ተመስገን፣ አንዷ ወረደችልኝ" አሉ።

እናንተዬ፣ እሱን ያሳተችው ያቺ እፎይታ ናት። ከዚያ ወዲያ እንዴት ብሎ "አልያዝኩም" ይበላቸው? ስድስተኛውንም ጻፈ፣ ሰባተኛውንም። በኋላ በርትቼ አጠናዋለሁ እያለ ሃያ አንደኛው ድረስ ሄደ። ቁርጥራጮቹን በካርቶን ሳጥን አድርጎ ጠረጴዛው ሥር አኖራቸው። መምህሩም አንዱን ሲሰጡ አንዱን እየተዉ፣ በመጨረሻ ማለዳ ማለዳ ዝም ብለው የሚነቁ ሰው ሆኑ።

ከትምህርት ቤቶች የአራት መቶ መዝገብ ሥራ የመጣው ያኔ ነው። ጠራዡ የወረቀት ጥቅል ሲያነሳ ወገቡ ያዘውና አራት ቀን ተኛ። በአምስተኛው ቀን ግድግዳ እየተደገፈ ሱቁ ገብቶ ጠረጴዛው ሥር ጎንበስ አለ።

"እዚህ የነበረው ሳጥንስ?"

"የቁርጥራጩ?" አለች ሚስቱ። "የመዝገቦቹ ጀርባ ላይ ለጠፍኩት። ማጠንከሪያ ወረቀት አለቀብኝ፣ አንተ ተኝተሃል፣ ሰዎቹ በር ላይ ቆመዋል፤ ምን ላድርግ?"

"ተጽፎበት ነበር እኮ።"

"ከመቼ ወዲህ ነው ያልተጻፈበት ማጠንከሪያ የምንለጥፈው? እኔ አሮጌ ደረሰኝ መስሎኝ ነው።" ከዚያ ፊቱን አየችና ብሩሹን አስቀመጠች። "ምን ነበር?"

ባዶውን የጠረጴዛ ሥር ደግሞ ዳበሰ። ምን ብሎ ይውቀሳት? የገዛ ሥራው ነው፤ ሃያ ዓመት ሙሉ እሱ ራሱ በተጻፈበት ወረቀት የመጽሐፍ ጀርባ ሲያጠነክር ኖሯል።

በማግስቱ እያነከሰ ቅርብ ወዳለው ትምህርት ቤት ሄደ። መዝገብ ቤት ያለችው ሴት ለምኗት ለምኗት፣ "እንደነበረ የምትመልሰው ከሆነ" ብላ ፈቀደችለት። ስድስት መዝገብ በቢላ ጀርባውን ሰነጠቀ። ከአምስቱ ደረሰኝ ወጣ። ከስድስተኛው የእሱ ቁርጥራጭ ወጣ፤ ቀለሙ ከሙጫው ጋር ተቀላቅሎ ሰማያዊ እድፍ ብቻ ሆኗል። ሌላ አልሰነጠቀም። ስድስቱን ተሸክሞ ተመለሰ።

በዚያው ሳምንት መምህሩ ላኩበት። አልጋ ላይ ትራስ ተደግፈው ጠበቁት።

"ልጄ፣ ጊዜዬ ደርሷል። እኔ ዘንድ ምንም አልቀረም፤ ሁሉም አንተ ጋ ነው። ሳልሄድ አንድ ጊዜ ከዳር እስከ ዳር ልስማት። ከዚያ ትርጉሙን ነግሬህ አርፋለሁ።"

አራቱን አለ። ጥርት አድርጎ አለ። ቆመ።

"ቀጥል።"

ጠራዡ አራተኛውን ደገመ።

"ረሳህ?"

"አልያዝኳቸውም ነበር መምህር።" ሁሉንም ነገራቸው። ጉልበቱ ላይ የዘረጋውን ወረቀት፣ ሳጥኑን፣ ሙጫውን።

መምህሩ አልተቆጡም። ቢቆጡ ይሻለው ነበር።

"አምስተኛው እንዴት ነበር የሚጀምረው?" አሉ።

ግሣጼ መስሎት አንገቱን ደፋ። ኋላ ቀና ሲል ጥያቄው ለእሱ እንዳልሆነ ገባው። ሽማግሌው ራሳቸውን ነበር የሚጠይቁት። ጣታቸው ብርድ ልብሱ ላይ የአንጓውን ምት፣ ለእያንዳንዱ ስንኝ ስምንት ድምፅ፣ ይመታል፣ ስምንት፣ ስምንት፣ ስምንት፣ ስምንት፤ ከንፈራቸው ይከፈታል፣ ቃል የለም።

"ስለ ፀጉሯ ነበር" አሉ በተራ ንግግር። "ከዚያ ወንዝ ነበር ወይ?"

"አላውቅም መምህር። ትርጉሙን ገና አልነገሩኝም ነበር።"

"እውነትህን ነው። አልነገርኩህም።"

ጠራዡ፣ "የአራቱን እንኳ ይንገሩኝ፤ እነሱን እይዝልዎታለሁ" አለ።

"እነሱ መግቢያ ናቸው ልጄ። ገጣሚ ሥራውን ሲጀምር የሚለምነው ልመና ነው፤ ምላሴ አይሰናከል፣ ቃሌ አይጥፋ እያለ። እሷ እዚያ ውስጥ የለችም። ከአምስተኛው ነበር የምትገባው።"

ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። ጠራዡ እግራቸው ሥር ተቀመጠ። እሳቸውም ፊታቸውን ሳይመልሱ፣ "በል ውረድ፣ ሥራ ፈታህ" አሉት።

ወረደ። ሚስቱ የስድስቱን መዝገብ ጀርባ አዲስ ወረቀት ለጥፋ፣ መጭመቂያው ውስጥ ደርድራ ትጠብቀው ነበር። እሱም የመጭመቂያውን እጀታ ይዞ እስኪጠብቅ ድረስ አዞረው።