ፍራሽ ሻጩና አማቱ ዋግምት የተደረጉ ዕለት

ፍራሽ ሻጩን የሥራ ባልደረቦቹ «ዶክተር» ይሉታል። ስሙ የወጣለት ለሹፈት ነበር፤ እሱ ግን ሹፈቱን ለእነሱ ትቶ ስሙን ወሰደ። ገዢ ገና ደጃፉን ሲረግጥ አረማመዱን አይቶ «ወገብዎን ያምዎታል፣ አይደል?» ይለዋል። ሰውየው ትራስ ሊገዛ የመጣ ቢሆን እንኳ፣ አከርካሪ እንዴት እንደሚደራረብ በጣቶቹ ሳያሳየው፣ የስፖንጁን ጥንካሬ በክርኑ እየደቆሰ ሳያስረዳው አይለቀውም። ብዙው ሰው ግማሽ አምኖ፣ ግማሽ ሰልችቶ ይገዛል። አንዳንዱ ደግሞ ሲገባ ያልነበረበትን የወገብ ሕመም ይዞ ይወጣል።

ችግሩ፣ ይህ እውቀት መደብሩ ሲዘጋ አብሮ አለመዘጋቱ ነው። ጎረቤት ቢያስለው መድኃኒቱን ያውቃል። የሰው ልጅ ቢያለቅስ ምክንያቱን ያውቃል። ሚስቱ ለምዳዋለች። «የኔ ባል የማያውቀው ነገር ቢኖር ዝም ማለትን ነው» ትላለች።

በዚህ ዓለም የሚፈራው አንድ ሰው ቢኖር አማቱን ነው። አማቱ ዕድሜያቸውን ሙሉ ትምህርት ቤት ሲያስተዳድሩ የኖሩ፣ ጡረታ ወጥተውም ሰፈሩ «ዳይሬክተሯ» የሚላቸው፣ ነገር ሲሰሙ መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው በላዩ የሚመለከቱ ሴት ናቸው። ልጃቸውን ካገባ ዓመታት ቢያልፉም፣ እሱም እንደ ሰፈርተኛው «ዳይሬክተር» እያለ ነው የሚጠራቸው። እሳቸውም «ልጄ» ብለውት አያውቁም። ፊት ለፊታቸው ተቀምጦ ሳለ እንኳ ወደ ልጃቸው ዞር ብለው «ባልሽ ሻይ ይጨመርለት?» ነው የሚሉት።

አንድ እሁድ እሳቸው ቤት ምሳ ተበልቶ ሻይ ሲቀርብ፣ ዳይሬክተሯ ስኒ ሊያነሱ ክንዳቸውን ዘረጉና ፊታቸው ቅጭም አለ።

«ምነው እማዬ?» አለች ልጃቸው።

«ትከሻዬ ነው። ሐኪሙ የጡንቻ መኮማተር ነው ብሎ እንቅስቃሴ አዞልኛል። እሠራለሁ። ግን አንዳንድ ቀን ልብስ ማስጣት እንኳ ያቅተኛል።»

ዶክተሩ ያን ጊዜ ሻዩን ቢጠጣ ምን ነበረበት!

«ዋግምት ነው የሚያስፈልግዎ» አለ።

«ያ ጀርባ ላይ ብርጭቆ የሚለጥፉት?»

«እሱ! ድሮ በቀንድ ነበር፤ ዛሬ ሠልጥኖ በብርጭቆ ሆኗል። ጡንቻውን ስቦ፣ ደሙን አንቀሳቅሶ፣ እፎይ ያሰኘዋል። ሕመም የሚባል ነገር የለውም።»

«ተደርገህ ታውቃለህ?» አሉ ዳይሬክተሯ፣ ፊታቸውን በቀጥታ ወደ እሱ አዙረው።

ሚስቱ በጠረጴዛው ሥር እግሩን ረገጠችው። ምን ያደርጋል፣ አፉ ከእግሩ ቀድሞ ነበር።

«እኔ? ስንቴ!»

መነጽሩ ዝቅ አለ። «እንግዲያው አንተው ትወስደኛለህ። መጀመሪያ አንተ ስትደረግ አያለሁ፤ ከዚያ እኔ እቀጥላለሁ። የለመደ ሰው ቢቀድም ይሻላል።»

ወደ ቤት ሲመለሱ ሚስቱ «መቼ ነው የተደረግከው?» አለችው።

«ሳንጋባ በፊት።»

«ሳንጋባ በፊት አንተን መርፌ ለመውጋት ነርሷ ሰው ጠርታ አስይዛህ ነበር። በር ላይ ቆሜ ስጠብቅህ ጩኸትህን የሰማሁት እኔ ነኝ።»

«እሱ መርፌ ነው። ይሄ ብርጭቆ ነው» አለና ደረቱን ነፋ። ያን ሌሊት ግን እንቅልፍ በዓይኑ አልዞረም።

የእረፍት ቀኑ ሐሙስ ነው። እስከዚያ ድረስ መደብሩ ውስጥ ለማሳያ በተዘረጋው ፍራሽ ጠርዝ ላይ እየተቀመጠ፣ ስለ ዋግምት በስልኩ ያላየው ቪዲዮ የለም። የአንዱን ባለሙያ ንግግር ሲከታተል «ከመደረግ በፊት ሆድ አይሞላም» የሚለውን ሰማ። «ቀለል ያለ ነገር ግን ቀመስ ይደረጋል» የሚለው ሳይመጣ ደንበኛ ገባ። ስለዚህ ሐሙስ ጠዋት ሚስቱ ያቀረበችለትን ቁርስ እንደ ትልቅ ሊቅ ገፋ አድርጎ፣ ባዶ ሆዱን ወጣ።

ቦታው ከመነጽር ቤት በላይ ያለ፣ ነጭ መጋረጃ የተጋረደበት ንጹሕ ክፍል ነው። መካከል ላይ የፊት ማስገቢያ ቀዳዳ ያለው ጠባብ አልጋ፣ ጎኑ ላይ የተደረደሩ ሆዳም ብርጭቆዎች፣ ጥጥ፣ አልኮልና የዘይት ጠርሙስ። ባለሙያዋ እጅጌዋን የሰበሰበች፣ ድምፅዋ ለስላሳ የሆነች ሴት ናት። ሁለቱንም አስቀምጣ ጠየቀቻቸው፤ ስኳር አለብዎ? ደም የሚያቀጥን መድኃኒት ይወስዳሉ? ቆዳዎ ላይ ቁስል አለ? ዳይሬክተሯ እንደ ጥሩ ተማሪ አንድ በአንድ መለሱ። ዶክተሩ ከጥያቄው ቀድሞ «የለም፣ የለም» ይላል።

«ቁርስ በልተዋል?»

ይቺ ጥያቄ አልጣመችውም። «እንዴታ!» አለ።

«ጥሩ። ብርጭቆው ሲይዝ ቆዳዎ ይወጠራል፤ ሙቀት ይሰማዎታል። ሊጠብቅ ይችላል፣ ማመም ግን የለበትም። ካመመዎ ይንገሩኝ፤ ወዲያው አነሳዋለሁ። ክብ ክብ ምልክት ይወጣል፤ ውሎ አድሮ ይጠፋል። በምላጭ የሚበጣውንም የሚሠሩ አሉ፤ እኔ ግን ደረቁን ብቻ ነው የምሠራው።»

«እኔ አስረድቻቸዋለሁ» አለ ዶክተሩ። «ለእኔ እንኳ አዲስ አይደለም።»

«እንዲያ ነው? ምልክቱ እርስዎ ላይ ምን ያህል ይቆያል?»

ጀርባው እንደ ሕፃን ጀርባ ንጹሕ እንደሆነ ትዝ አለው። «እኔ ቆዳዬ ጠንካራ ነው። ምልክት አይዝም።»

«ኧረ? እስካሁን የሠሩልዎ ሰዎች አላጠበቁትም ማለት ነው። ዛሬ ትንሽ ጠበቅ እናድርገዋ።»

«ይጠበቅለት» አሉ ዳይሬክተሯ ከወንበራቸው።

ሸሚዙን አውልቆ በሆዱ ተኛ፤ ፊቱን ቀዳዳው ውስጥ ከተተ። የሚታየው የወለሉ ንጣፍና የዳይሬክተሯ በደንብ የተወለወለ ጥቁር ጫማ ብቻ ነው። ለብ ያለ ዘይት ጀርባው ላይ ሲፈስ «ይቺማ ምን አላት» ብሎ አሰበ። ወዲያው ክብሪት ተጫረ።

«እሳት ነው እንዴ?»

«ጥጡን ነው ያቀጣጠልኩት። የብርጭቆውን አየር ለማስወጣት ነው፤ እርስዎን አይነካዎትም። ያውቁት የለም እንዴ?»

«አውቃለሁ። ለእሳቸው ብዬ ነው።»

የመጀመሪያው ብርጭቆ ትከሻው ላይ ጧ ብሎ ተጣበቀ። ዶክተሩ ጥርስ የሌለው ትልቅ አውሬ የጎረሰው መሰለው። ሁለተኛው ተከተለ፤ ሦስተኛው ደገመ። ቆዳው አጥንቱን ተሰናብቶ አገር የለቀቀ መሰለው።

«አሁን ምን ይሰማሃል?» አለ ጥቁሩ ጫማ።

«ደስ… ይላል።»

«ድምፅህ ምነው ቀጠነ?»

«በቀዳዳ ስለማወራ ነው።»

«ጠበቀብዎ እንዴ?» አለች ባለሙያዋ።

አዎ ቢል ይላላለት ነበር። አንዲት ቃል! ግን ያቺ ቃል እሁድ ከምሳ በኋላ የተናገረውን ሁሉ ገደል ልትከትበት ነው። «ኧረ ምንም» አለ።

«እንግዲያው አንዱን ላንሸራትተው ነው። ጡንቻውን ያፍታታዋል።»

ስለ ማንሸራተት በስልኩም አልሰማ፣ በሕልሙም አላየ። ብርጭቆው የጎረሰውን ሥጋ እንደጎረሰ ከትከሻው ተነስቶ ወደ ወገቡ ቁልቁል ሲነዳ፣ ዶክተሩ እውቀቱን ሁሉ በአንድ ጊዜ ጣለና ጮኸ።

«እማዬ!»

ታች መነጽር ቤት ድረስ ሳይሰማ አልቀረም። ባለሙያዋ ቆዳውን በጣቷ ጫን ብላ ፍስስ እያደረገች ብርጭቆዎቹን አነሳችለት። ዶክተሩ በቀዳዳው አሻግሮ ሲያይ ጥቁሩ ጫማ ከቦታው ተነሳ፤ ቀረበ። አንድ ሰፊ እጅ ራሱ ላይ አረፈ።

«አለሁ፣ ልጄ» አሉ ዳይሬክተሯ።

ከሕመሙ ይልቅ ይህ አስደነገጠው። የሞተች ክብሩን ሊያስነሳ «ምንም አልሆንኩም» ብሎ ካልጋው ዘሎ ወረደ። መጋረጃው፣ አልጋው፣ ብርጭቆው አንድ ላይ ዞሩበት፤ ክንብል አለ።

ዓይኑን ሲገልጥ እግሮቹ ትራስ ላይ ተሰቅለዋል። ዳይሬክተሯ ወለሉ ላይ ተንበርክከው ከቦርሳቸው ያወጡትን ብስኩት ስኳር ባለው ሻይ እየነከሩ ያጎርሱታል።

«ቁርስ አልበላም» ይሏታል ባለሙያዋን። «ከንፈሩን እይው። ስንት ዓመት ሙሉ ጠዋት ሰልፍ ላይ የሚወድቁ ልጆች ሳነሳ የኖርኩ ሴት ነኝ። ሁሉም በልቻለሁ ነው የሚሉት።»

ባለሙያዋ አዘነችለት፤ ተቆጣችውም። «ለምን አልነገሩኝም? ቢያምዎ አነሳልዎ ነበር፤ ባይበሉም ሌላ ቀን እንቀጥር ነበር» አለችው። ወደ ዳይሬክተሯ ዞር ብላም፣ «እርስዎስ? ሌላ ቀን ይሁን?»

«ምን በወጣኝ! እሱ የእኔንም ድርሻ ጮኾልኛል» አሉና ሹራባቸውን ማውለቅ ጀመሩ።

ዶክተሩ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ጠበቀ፤ በአንሶላ ከተሸፈኑ በኋላ ቦርሳቸውን አቅፎ ራስጌያቸው ተቀመጠ። ባለሙያዋ ለእሳቸው አላልታ ነው የያዘችው፤ በየመሀሉ «እንዴት ነው?» ትላለች፤ እሳቸውም «ይሄኛው በዛ»፣ «ይሄ ደህና ነው» ይላሉ። ድምፃቸው ሰልፍ ላይ እንደቆሙ ቀጥ ያለ ነው። ካልጋው ጎን የወረደች እጃቸው ግን አንሶላውን ጨምድዳ ይዛለች። ዶክተሩ አየ። ሊናገር አፉን ከፈተ፤ ምን እንደነካው እንጃ፣ መልሶ ዘጋውና እጁን ሰጣቸው። ጣቶቹ እስኪደነዝዙ ጨመቁት። ቀስ በቀስ ጭመቃው ላላ፤ ትንሽ ቆይቶ ዳይሬክተሯ ማንኮራፋት ጀመሩ።

ባለሙያዋ ሲያበቁ ውኃ ጠጡ፣ ጀርባችሁን ብርድ አታስመቱ፣ ዛሬ ከባድ ነገር አታንሱ ብላ ሸኘቻቸው። ታች መነጽር ቤቱ ደጃፍ አግዳሚ ላይ ተቀምጠው ታክሲ ሲጠብቁ፣ ዳይሬክተሯ ወደ መንገዱ እያዩ፣

«ተደርገህ አታውቅም፣ አይደል?» አሉት።

«አላውቅም» አለ ዶክተሩ። ቃሏ ከአፉ ስትወጣ ራሱ ገረመው።

«አውቄያለሁ። ያን እሁድ ሳህን ስናጥብ ሚስትህ ነግራኛለች።»

«ታዲያ እያወቁ ለምን ጎተቱኝ?»

ዳይሬክተሯ መነጽራቸውን አውልቀው በሹራባቸው ጫፍ መወልወል ጀመሩ። «ብቻዬን መምጣት ፈርቼ ነው። ልጆቼ እናታችን አትፈራም ብለው ነው ያደጉት። ፈራሁ ብዬ የማንን እጅ ልያዝ? አንተ ስትዋሽ ሳይህ፣ ይሄ ሰው ከእኔ ይብስ ይፈራል፤ እሱ ካለ እኔ ጀግና ነኝ አልኩ።» ሳቃቸው መጣ። «ጀርባዬን አመመኝ፣ አታስቀኝ!»

እሱ ምንም አላለም ነበር።

ማታ ሚስቱ ሸሚዙን ገልጣ ስታይ እጇን አፏ ላይ ጫነች። «ምነው፣ እቃ ነው እንዴ የደረደሩብህ?» ከዚያ ቅባት ቀባችው፤ እየቀባች ሳቀች፤ እየሳቀች ራራችለት። ምልክቱ እስኪጠፋ ድረስ፣ ጀርባ ያሳርፋል ብሎ ምሎ በተገዘተለት ፍራሽ ላይ በሆዱ ተኛ።

የዳይሬክተሯ ትከሻ ለጥቂት ቀን ቀለል አለው። ተመልሶ ማመሙ አልቀረም፤ እሳቸውም የሐኪሙን እንቅስቃሴ አልተዉም። በተረፈ ግን ቤታቸው የመጣ ዘመድ ሁሉ ስለ ዋግምት ሳይሰማ አይወጣም። «አማቼን አይታችሁታል? ያን ሁሉ ብርጭቆ ተሸክሞ ትንፍሽ አላለም» ይላሉ፣ ዓይናቸውን ሳያሹ። እውነቱን ለሚስቱ አንድ ሳያስቀር የነገራት ራሱ ዶክተሩ ነበርና፣ እሷ ይህን በሰማች ቁጥር ሳቋን ልትደብቅ ወደ ጓዳ ሮጣ ትገባለች።

ከዕለታት አንድ ቀን ዳይሬክተሯ ሳይታሰቡ መደብሩ ድረስ መጡ። ሠራተኞቹ «ዶክተር፣ እንግዳ!» ብለው ሲጣሩ ከመጋዘን እየሮጠ ወጣ። ፍራሽ ሊቀይሩ ነው የመጡት። ዶክተሩ ደስታው ልኩን አለፈና በጣቶቹ አከርካሪ መሥራት ጀመረ። «እንግዲህ እማዬ፣ በዚህ ዕድሜ ጠንከር ያለ ስፖንጅ ነው የሚመከረው፤ ምክንያቱም…»

ዳይሬክተሯ ጫማቸውንና መነጽራቸውን አውልቀው፣ በባልደረቦቹ ሁሉ ፊት፣ እሱ «አደራዎን ይቺን አይንኩ» ያላት ለስላሳ ፍራሽ ላይ ጋደም አሉ። ዓይናቸውን ጨፈኑ።

«ይቺን ጫንልኝ፣ ልጄ» አሉ።

ባልደረቦቹ ተያዩ። ዶክተሩ አፉን ከፈተ፤ አማቱ መነጽራቸውን ፈልገው ሳያጠልቁ በፊት ፍራሿን በአንድ ጫፍ ያዘና «አንሱ እንጂ!» ብሎ ባልደረቦቹ ላይ ጮኸ።