ለአራስ የታጠነ ጎድን

ገነነ ከሰሉን ወደ ምድጃው ጥግ ገፋው፤ ጎድን ፊት ለፊት እሳት አይወድም። የበሬውን ጎድን ሽቦው ላይ አጋደመ፣ በውሃ የራሰ የወይራ ፍልጥ ፍሙ ላይ ጣል አደረገ፣ ከላይ አሮጌ ሳፋ ደፋበት። ጢሱ በሳፋው ሥር እየሾለከ ግቢውን ሞላው። እንዲህ ያለውን ጥብስ የተማረው ቡሬ ሥጋ ቤት ሲሠራ ነው። አሁን ፍኖተ ሰላም ባጃጅ ይነዳል፤ ማለት ይነዳ ነበር። ባጃጁ አጥር ሥር ከቆመ ሰነበተ።

ሚስቱ ያምሮት ባለፈው ሳምንት ወልዳ ነበር። ወንድ ነው፤ ሲወለድ አላለቀሰም። ቀበሩት። ጎረቤት መጥቶ «እግዜር ያጥናችሁ» አለ፣ አንገቱን ደፍቶ ጥቂት ተቀመጠ፣ ሄደ። ገንፎ ያገነፋ የለም። እሷም ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ተኛች፤ እህል ባፏ አልዞር አለ። ገነነ ደክሞታል። የእንቅልፍ ድካም ቢሆን ተኝቶ ይወጣለት ነበር፤ ይኼኛው አጥንት ውስጥ የገባ ነው። አንዲት ጉርሻ ብትበላለት ሌላ የሚመኘው ነገር አልነበረም።

እናቱ እማማ ሀብትነሽ በረንዳው መደብ ላይ ተቀምጠው ያዩታል።

«ወንዱ ልጄ ማጀት ገባልኝ! ቀሚስ ላውስህ?» አሉት። እንደ ቀልድ ነው፤ ፊታቸው ግን አይስቅም። «ለመሆኑ ለማን ነው ይኼ ሁሉ? አራስ በሌለበት ቤት።»

«አራስስ አለች፣ እማ። ሕፃኑ ነው የሌለ።»

አሮጊቷ ነጠላቸውን ሰብሰብ አደረጉ። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣

«ሥጋ ካበላሃት ጡቷ ይሞላል፤ ማን ሊጠባው? እኔ ካንተ በፊት ሁለት ቀብሬያለሁ። እናቴ ደረቅ ቂጣ እየሰጠች ነው ወተቱን ያደረቀችልኝ። ጡት ሞልቶ የሚጠባው ሲጠፋ ምን እንደሚያደርግ ወንድ አያውቀውም» አሉ።

እውነት ነው፤ አያውቀውም ነበር። ድንጋይ ስቦ ተቀመጠ። ሳፋውን ገለጥ ሲያደርግ ሥጋው ከአጥንቱ ጫፍ ሸሽቶ፣ ቀላ ብሎ፣ ወዝቶ አየው። ደርሷል። መልሶ ደፋበት። ቢሰጣት ሊያሳምማት ነው፣ ቢተወው በረሃብ ልታልቅበት ነው። ያንን ሁሉ ሰዓት እሳት ሥር ተጎልቶ ይቺን አንዷን ነገር አለማሰቡ አበሳጨው። ጅል! ብሎ ራሱን ሰደበ።

በሩ ሲጢጥ አለ። ያምሮት ጋቢ ተከናንባ፣ መቃኑን ይዛ ቆማለች። ከተኛች ወዲህ በራሷ እግር ስትወጣ የመጀመሪያዋ ነው።

«አልበሰለም?» አለች።

ገነነ እናቱን አየ። እናቱ መሬት መሬት አዩ።

«በስሏል፣ ልጄ፤ ነገር ግን ጡትሽ...» ብለው ጀመሩ።

«ሰምቻለሁ፣ እማማ። ይሙላ።» ድምፅዋ የደከመ ነው፤ ቁጣ እንኳ የለበትም። «ሰው ሁሉ ምንም እንዳልወለድሁ ነው የሚያየኝ። እኔም ተኝቼ ስውል፣ እውነት ወልጄ ነበር ወይ እላለሁ። መውለዴን የሚመሰክርልኝ ይኼ ጡት ብቻ ነው። እሱን እንኳ አያድርቁብኝ።»

እማማ ሀብትነሽ ጉልበታቸውን ይዘው ተነሡ። ልጃቸውን ገፋ አድርገው ሳፋውን በነጠላቸው ጫፍ አነሡት፤ ከጎድኑ ሥጋ ሲስቡ ያለ ቢላ ተላቀቀላቸው። እፍ እፍ ብለው አበረዱት፣ ምራታቸውን በአንድ እጃቸው ደግፈው አጎረሷት።

«እንኳን ማርያም ማረችሽ» አሏት።

ያምሮት እያለቀሰች አላመጠች። ገነነም አለቀሰ፤ በጢሱ እንኳ አላመካኘም።